ባዶ መልስና ያልመጣ መልስ፦ የክላውድ ፋይል ሲስተሞችን በስክሪፕት ስለመቁጠር

በአንድ ድርጅት ክላውድ ውስጥ ስንት የጋራ ፋይል ሲስተም አለ ብላችሁ ሦስት ክፍል ብትጠይቁ ሦስት ቁጥር ይመጣላችኋል። የመሠረተ ልማት ቡድኑ ቴራፎርም (መሠረተ ልማትን በኮድ የሚፈጥር መሣሪያ) ውስጥ ያለውን ይቆጥራል፤ ፋይናንስ ሒሳብ የመጣበትን ይቆጥራል፤ የደህንነት ክፍሉ ባለፈው ኦዲት ጊዜ የተሞላውን ኤክሴል ይከፍታል። ሦስቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ሦስቱም ያላዩት ነገር አለ። እዚህ የምጽፈው የክላውዱን ኤፒአይ (ፕሮግራም ጥያቄ የሚያቀርብበትን በር) ራሱን በየቀኑ እየጠየቀ የሚሞላ ቆጠራ እንዴት እንደሚሠራ፣ በተለይም የት የት ላይ ድምፅ ሳያሰማ እንደሚሳሳት ነው።

ዋናው ምሳሌ የአማዞን ዌብ ሰርቪስስ ኢኤፍኤስ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 ለሁሉም የተከፈተ፣ በኤንኤፍኤስ (ፋይልን በኔትወርክ የመጋሪያ ደንብ) የሚሠራ፣ ብዙ ሰርቨር በአንድ ጊዜ የሚጋራው ፋይል ሲስተም ነው። መጠን መወሰን አይጠይቅም፤ በአንድ ጥሪ ይፈጠራል፣ ዳታው ሲያድግ ያድጋል፣ ሲቀንስ ይቀንሳል። ለመፍጠር እንዲህ የቀለለ ነገር ለመረሳትም ቅርብ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የተገኘውን መዘርዘር ቀላሉ ክፍል ነው። ቆጠራ የሚታመነው የት ታይቶ ምንም እንዳልተገኘ፣ የት ደግሞ ጭራሽ ማየት እንዳልተቻለ ለይቶ ሲጽፍ ነው። ስክሪፕቱ ሁለቱንም «ባዶ» ብሎ ከመዘገበ የያዛችሁት መዝገብ ይዋሻል፤ የሚዋሽ መዝገብ ደግሞ ከሌለ መዝገብ የባሰ ነው፣ ሰው ተማምኖበት ይሰርዛልና።

መጀመሪያ ሰንጠረዡ

ስክሪፕቱ አንድም ፋይል ሲስተም ከመፈለጉ በፊት የሚፈልግባቸውን ቦታዎች ሙሉ ዝርዝር መያዝ አለበት። ዝርዝሩ የአካውንት፣ የሪጅን (ዳታ ሴንተሮቹ ያሉበት አካባቢ) እና የሰርቪስ ብዜት ነው። 40 አካውንት፣ 17 ሪጅንና 2 ሰርቪስ ካላችሁ 1360 ሳጥን ያለው ሰንጠረዥ ይወጣል። በየዙሩ መጨረሻ እያንዳንዱ ሳጥን ላይ ከአራት ነገሮች አንዱ ይጻፋል፦ ታየ፣ ተከለከለ፣ መልስ አልመጣም፣ ሪጅኑ ዝግ ነው። «ባዶ» የሚባል ሁኔታ አይኖርም። ምንም ያልተገኘበት ሳጥን «ታየ፣ የተገኘ 0» ይባላል።

የአካውንቶቹን ዝርዝር በእጅ አትጻፉ። አካውንቶችን በአንድ ላይ ከሚያስተዳድረው ኦርጋናይዜሽንስ ሰርቪስ በሊስት አካውንትስ ጥሪ ይመጣል፤ ጥሪው የሚሠራውም ከማኔጅመንት አካውንቱ (የሌሎቹ የበላይ ከሆነው) ወይም ውክልና ከተሰጠው አካውንት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ጥሪ ገና የሚቀር ነገር እያለው አልፎ አልፎ ምንም አካውንት የሌለበት ገጽ ከቀጣይ ቶክን (የሚቀጥለውን ገጽ መጠሪያ ምልክት) ጋር ይመልሳል። «ገጹ ባዶ ነው፣ አበቃ» የሚል ሉፕ የድርጅቱን ግማሽ ጥሎ ይወጣል፤ ማቆሚያው የቶክኑ አለመኖር ብቻ መሆን አለበት። የታገዱ አካውንቶችንም ከዝርዝሩ አትጣሉ። የተዘጋ አካውንት 90 ቀን ድረስ ተመልሶ ሊከፈት ስለሚችል ሁኔታውን ጽፎ ማቆየት ይሻላል።

ሪጅን ከአካውንት አካውንት ይለያያል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 20 ቀን 2019 በኋላ የተከፈቱ የአማዞን ሪጅኖች በነባሪ ዝግ ናቸው፣ የአካውንቱ ባለቤት ራሱ ሊከፍታቸው ይገባል። በነባሪ ክፍት የሆኑት 17 ናቸው። ለእኛ አካባቢ ቅርብ የሆኑት ኬፕታውን፣ ባህሬን፣ ኤምሬትስና ቴል አቪቭ ግን አራቱም በፈቃድ ከሚከፈቱት ወገን ናቸው። ስለዚህ ከኢንተርኔት የተቀዳ የሪጅን ዝርዝር ያለው ስክሪፕት ለአዲስ አበባ ተጠቃሚ የሚያገለግለውን ሪጅን ላያየው ይችላል። ትክክለኛው መንገድ በየአካውንቱ ዲስክራይብ ሪጅንስን «ሁሉንም አሳየኝ» በሚለው ምርጫ ጠርቶ የእያንዳንዱን ሪጅን ሁኔታ ማንበብ ነው።

«ዝግ ነው» የሚለው መልስ ደግሞ «ምንም የለበትም» ማለት አይደለም። አንድ ሪጅን ተከፍቶ ሥራ ተሠርቶበት መልሶ ከተዘጋ ውስጡ የቀሩት ነገሮች አይጠፉም፤ ሒሳባቸው ይቀጥላል፣ በኤፒአይ ግን አይታዩም። እነዚህን የሚያጋልጣቸው የወጪ ሪፖርቱ ነው። በሪሶርስ መለያ ደረጃ የሚወጣውን ዝርዝር ሪፖርት ካበራችሁ በወሩ ውስጥ ሒሳብ ያስወጣ የኢኤፍኤስ መለያ ሁሉ ይገኝበታል። ቆጠራው ውስጥ የሌለ፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ያለ መለያ ካለ ስክሪፕቱ ያመለጠው ነገር አለ። ይህን ማመሳከር በወር አንዴ ማድረግ በቂ ነው።

የመግቢያ ሮሉ

ስክሪፕቱ ከአንድ ማዕከላዊ አካውንት ተነስቶ በየአካውንቱ ያለ ተመሳሳይ ስም ያለው ሮል፣ ማለትም በጊዜያዊነት የሚሠራ የፈቃድ ማንነት፣ ይለብሳል። ሮሉን በየአካውንቱ ለመትከል ክላውድፎርሜሽን ስታክሴትስ (አንድን ነገር በብዙ አካውንት የሚተክል የአማዞን መሣሪያ) ምቹ ነው። ነገር ግን ከኦርጋናይዜሽንስ ጋር ተያይዞ በራሱ የሚሰራጨው ዓይነት ማኔጅመንት አካውንቱ ላይ ምንም አይተክልም። እዚያ ሮሉን ለብቻው መትከል ግድ ነው። ይህ ከተረሳ ማኔጅመንት አካውንቱ ለዘላለም «ተከለከለ» ይላል፤ ድርጅቱ ኦርጋናይዜሽንስ ከመክፈቱ በፊት የተፈጠሩ አሮጌ ነገሮች የሚገኙት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው።

ፈቃዱን በተመለከተ ሪድ ኦንሊ አክሰስ የሚባለውን ዝግጁ ፖሊሲ አትጠቀሙ። ስሙ ልከኛ ይመስላል፤ ኤስ3 (የአማዞን የፋይል ማከማቻ) ውስጥ ያሉ ፋይሎችን ይዘት ለማንበብም ይፈቅዳል። ለቆጠራ የሚያስፈልገው የኢኤፍኤስና የኤፍኤስኤክስ (ሌላው የአማዞን ፋይል ሲስተም ሰርቪስ) «ዲስክራይብ» ጥሪዎች፣ የሪጅን ዝርዝር፣ የሴኩሪቲ ግሩፕ (የኔትወርክ መግቢያ ደንብ) ዝርዝር፣ የክላውድዎች (የአጠቃቀም መለኪያ ሰርቪስ) ቁጥሮችን ማንበብ፣ የባክአፕ ዝርዝርና የኬኤምኤስ (የምስጠራ ቁልፍ ሰርቪስ) ቁልፍን ሁኔታ ማየት ብቻ ነው። አንድም የመጻፍ ፈቃድ አይጨመርበት። ቆጣሪው አራሚም ከሆነ በአንድ የተሳሳተ ሉፕ ስንት ፋይል ሲስተም ሊነካ እንደሚችል አስቡት።

ሮል ሲለበስ የሚሰጠው ቶክን (ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ) ላይ ብዙ ሰው የሚጠፋበት ወጥመድ አለ። ከኤስቲኤስ (ቶክኑን የሚሰጠው ሰርቪስ) ዓለም አቀፍ አድራሻ የተሰጠ ቶክን በነባሪ የሚሠራው በነባሪ ክፍት በሆኑት ሪጅኖች ብቻ ነው። በዚያ ቶክን ኬፕታውንን ብትጠይቁ «ቶክኑ ልክ አይደለም» የሚል ስህተት ይመጣል፤ ሰውየው ሮሉን ደጋግሞ ይፈትሻል፣ ፖሊሲውን ያስተካክላል፣ ምንም አይለወጥም። መፍትሔው ቶክኑን ከሪጅናዊ አድራሻ መውሰድ ነው። አዳዲስ ኤስዲኬዎች (ኤፒአይውን ከኮድ መጥሪያ ላይብረሪዎች) ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ፤ አሮጌ ስሪት ላይ ያላችሁ ግን አድራሻውን በግልጽ ጻፉት። በተጨማሪም ከሮል ወደ ሮል የሚሄድ ሰንሰለት ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ዙሩ ከዚያ ከረዘመ ቶክኑን በየአካውንቱ አድሱት።

ምን ይጠየቃል

የመጀመሪያው ጥሪ ዲስክራይብ ፋይል ሲስተምስ ነው። በአንድ መልስ ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል፦ መለያ፣ የተፈጠረበት ጊዜ፣ ሁኔታ፣ መጠን በየስቶሬጅ ክላሱ (በየማከማቻ ደረጃው)፣ የማውንት ታርጌት (ሰርቨሮች በኔትወርክ የሚያያዙበት ነጥብ) ብዛት፣ መመስጠሩንና የቁልፉን መለያ፣ የትሩፑት (የዳታ ማስተላለፊያ ፍጥነት) ዓይነት፣ ታጎች (የተለጠፉ መለያ ጽሑፎች)። ከ100 በላይ ሲሆን በገጽ ይከፈላል፤ የሚቀጥለውን ገጽ የሚጠራው ቃል እዚህ «ማርከር» ነው። ይሄው ኢኤፍኤስ ለአክሰስ ፖይንት (ለአንድ መተግበሪያ የተለየ መግቢያ) ሲሆን «ኔክስት ቶክን» ይላል። «ኔክስት ቶክን»ን ብቻ የሚፈልግ አጠቃላይ ሉፕ የጻፈ ሰው የመጀመሪያዎቹን 100 ብቻ ይዞ ይቀራል፤ በአንድ አካውንትና ሪጅን ከ100 በታች እስካለው ድረስ ደግሞ ስህተቱ ለዓመታት አይታይም። ቦቶ3 (የአማዞን የፓይተን ላይብረሪ) የምትጠቀሙ ከሆነ ገጽ የሚያገላብጠውን የራሱን ፔጂኔተር ተጠቀሙ።

የመዝገቡ ቁልፍ ሙሉው ኤአርኤን (አካውንቱንና ሪጅኑን የያዘው ሙሉ መለያ) ይሁን። ስም አይሆንም፤ ስም ታግ ነው፣ ሊደገምም ሊጠፋም ይችላል። የመለያው ርዝመትም ሁለት ዓይነት ነው፦ አሮጌዎቹ 8፣ አዲሶቹ 17 የሄክስ ፊደላት አሏቸው። 17ቱን ብቻ የሚያጣራ ሬጌክስ (የጽሑፍ ማጣሪያ) ከሁሉም በላይ ማየት የሚገባንን፣ የቆዩትን፣ ይጥላል።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ፋይል ሲስተም ተጨማሪ ጥሪዎች ይከተላሉ፦ ማውንት ታርጌቶች፣ የየማውንት ታርጌቱ ሴኩሪቲ ግሩፕ፣ አክሰስ ፖይንቶች፣ የፋይል ሲስተም ፖሊሲ፣ የላይፍሳይክል ደንብ (የቆየ ፋይል ወደ ርካሽ ማከማቻ የሚዛወርበት)፣ የባክአፕ ፖሊሲ፣ ሪፕሊኬሽን (ወደ ሌላ ፋይል ሲስተም መባዛቱ)። ሦስት ማውንት ታርጌት ላለው አንድ ፋይል ሲስተም 9 ጥሪ ማለት ነው። ለ200 ፋይል ሲስተም 1800 ይሆናል። ብዙ አይደለም፤ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከለቀቃችሁት የጥሪ ገደብ ይይዛችኋል። ገደቡ በአካውንትና በሪጅን ስለሆነ አካውንቶችን ጎን ለጎን አስኪዱ፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ ግን በተራ ጠይቁ። የሙከራ ብዛቱን ወደ 10 ከፍ አድርጉና የመጠበቂያ ጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ አድርጉት። የቦቶ3 የግንኙነትና የንባብ ቆይታ በነባሪ 60 ሰከንድ ነው፤ ግንኙነቱን ወደ 5፣ ንባቡን ወደ 20 ብታወርዱት መልስ የማይሰጥ ሳጥን ዙሩን በሙሉ አያስቆምም።

የማውንት ታርጌት ዝርዝር ላይ የአቬይለቢሊቲ ዞኑን (በሪጅኑ ውስጥ የተለየ የዳታ ሴንተር ክፍል) ስም ትታችሁ የዞኑን መለያ ጻፉ። ስሙ በሁለት አካውንቶች አንድ ሆኖ የሚያመለክተው ቦታ ሊለያይ ይችላል። ሪጅኑ ራሱ ደግሞ ለብዙዎቻችሁ የሕግ ጥያቄም ነው። የኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዳታ ከአገር ስለሚወጣበት ሁኔታ ይደነግጋል፤ የደንበኞቻችሁ ዳታ በየትኛው አገር ዲስክ ላይ እንዳለ የሚመልሰው ይሄው የመዝገቡ ዓምድ ነው።

የሚዋሸው አንድ መስመር

አሁን ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰውን ቦታ ቀረብ ብለን እንየው። የፋይል ሲስተም ፖሊሲ ያልተጻፈለት ኢኤፍኤስ ላይ ዲስክራይብ ፋይል ሲስተም ፖሊሲን ስትጠሩ ባዶ ሰነድ አይመጣም፤ «ፖሊሲ ኖት ፋውንድ» የሚል ስህተት ነው የሚወረወረው። ባክአፕ ፖሊሲ ላይም እንዲሁ። ሪፕሊኬሽን ላይም «ሪፕሊኬሽን ኖት ፋውንድ» ይላል። ፕሮግራመሩ ይህን ያይና ጥሪውን ስህተት በሚይዙት በትራይና በኤክሴፕት ይጠቀልለዋል፦ ማንኛውም ስህተት ከመጣ «ፖሊሲ የለም» ብለህ ጻፍ። ሥራው ያልፋል፣ ሪፖርቱ ያምራል።

ከዚያ አንድ ቀን ድርጅት አቀፍ ደንብ አንድን ሪጅን ይዘጋል፣ ወይም ሮሉ ላይ አንድ ፈቃድ ይጎድላል። አሁን የሚመጣው ስህተት «አክሰስ ዲናይድ» ነው። ያው ኤክሴፕት ይይዘዋል፣ ያው «ፖሊሲ የለም» ይጻፋል። በሚቀጥለው ቀን የደህንነት ክፍሉ 30 ፋይል ሲስተም ፖሊሲ አልባ ሆነ ብሎ ይደናገጣል። በተቃራኒውም ይሆናል፦ ስህተት ሲመጣ መስመሩን ዝለለው የተባለ ስክሪፕት በእርግጥም ፖሊሲ የሌላቸውን፣ ማለትም ልናያቸው የምንፈልጋቸውን ብቻ መርጦ ይዘላል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥሪ «የለም» የሚል ትርጉም ያለው የስህተት ኮድ በስሙ ይጻፍ፤ ያ ኮድ ሲመጣ ዓምዱ «የለም» ይሁን። ከዚያ ውጭ የሆነ ስህተት ሁሉ ዓምዱን «አይታወቅም» ያድርገውና የስህተቱ ኮድ ጎኑ ይቀመጥ። «አይታወቅም» የሚለው ዋጋ በሪፖርቱ ላይ ቀይ ሆኖ ይውጣ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ፖሊሲ አለመኖሩ ለምን እንደሚያሳስብ ላስረዳ። ፖሊሲ ያልተጻፈለት ኢኤፍኤስ በነባሪ ማንነት አይጠይቅም፤ በኔትወርክ ማውንት ታርጌቱ ላይ መድረስ የቻለ ሁሉ ይገባል። ስለዚህ ፖሊሲውና ሴኩሪቲ ግሩፑ አብረው ነው መነበብ ያለባቸው። ፖሊሲ የለም፣ በወደብ 2049 ላይም 0.0.0.0/0 ተፈቅዷል ከሆነ፣ ማውንት ታርጌቱ የውስጥ አይፒ ስላለው ከኢንተርኔት በቀጥታ አይደረስበት ይሆናል፤ በቪፒኤን፣ በፒሪንግ ወይም በትራንዚት ጌትዌይ የተያያዘ ማንም ግን ይገባል።

ምስጠራ ላይ ደግሞ ማስተካከያው ራሱ ሥራ ይጠይቃል። ኢኤፍኤስ የሚመሰጠረው ሲፈጠር ብቻ ነው፤ በኋላ ማብራት አይቻልም። ያልተመሰጠረ ከተገኘ አዲስ ፈጥሮ መቅዳት ነው፤ በዳታሲንክ (የአማዞን የመቅጃ ሰርቪስ) መቅዳት ይቻላል፣ ወይም ሪፕሊኬሽን ሲፈጥረው መድረሻው ሁልጊዜ የተመሰጠረ ስለሆነ በዚያ መንገድ መሄድ ይቻላል። የተመሰጠሩትም ላይ ቢሆን የኬኤምኤስ ቁልፉን ሁኔታ ጠይቁ። ቁልፉ ለመሰረዝ ቀጠሮ ከተያዘበት ከ7 እስከ 30 ቀን ብቻ ነው ያላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ዳታው አይመለስም።

የቀዘቀዙትን መለየት

እንዲህ ያለ መስመር አስቡ፦ መጠን 6144 ባይት፣ ማውንት ታርጌት 0፣ ስም የለም፣ ታግ የለም፣ ትሩፑት «ፕሮቪዥንድ» (አስቀድሞ የተያዘ) 50 ሜቢባይት በሰከንድ። 6144 ባይት ማለት 6 ኪቢባይት ነው፤ ባዶ ኢኤፍኤስ የሚያሳየው መጠን ይሄው ነው። በመጠን ቢታይ ዋጋው ዜሮ ነው። ፕሮቪዥንድ ትሩፑት ግን ዳታ ኖረም አልኖረም ይከፈልበታል፤ በሰሜን ቨርጂኒያ ዋጋ ለአንድ ሜጋባይት በሰከንድ በወር 6 ዶላር ነው፤ ይህ ባዶ ፋይል ሲስተም በወር 300 ዶላር ግድም ይበላል። በመጠን ቅደም ተከተል የሚያወጣ ሪፖርት እንዲህ ያለውን ከታች ያስቀምጠዋል። ስለዚህ የትሩፑቱ ዓይነትና የተያዘው መጠን በመዝገቡ ላይ የግድ ይኑር።

መጠኑ ራሱም የቅጽበት ፎቶ አይደለም። የሚመጣው ቁጥር ከጊዜ ማህተም ጋር ነው፤ እየተጻፈበት ያለ ፋይል ሲስተም ላይ ትክክለኛው መጠን ላይሆን ይችላል። ማህተሙንም አብራችሁ መዝግቡ።

የሚጠቀምበት ሰው መኖሩን ለማወቅ ክላውድዎች ላይ ክላየንት ኮኔክሽንስ የሚለውን ቁጥር ጠይቁ። ቁጥሩ በየደቂቃው የሚላክ ስለሆነ በ«ሳም» (በድምር) አምጥታችሁ በጊዜው ደቂቃ ብዛት ካላካፈላችሁት የተጋነነ ይሆናል፦ አንድ ሰርቨር ለአንድ ሰዓት ተያይዞ ከቆየ ድምሩ 60 ይላል። የአንድ ደቂቃ ነጥቦች 15 ቀን፣ የአምስት ደቂቃ 63 ቀን፣ የአንድ ሰዓት 455 ቀን ነው የሚቆዩት፤ ወደኋላ 90 ቀን ለማየት የአንድ ሰዓት ጥራት ጠይቁ። 30 ቀን ማየት በቂ ነው ብዬ አላምንም። የሩብ ዓመት ሒሳብ የሚዘጋ ሥራ በ90 ቀን አንዴ ነው የሚነሳው። ሰርቨሩ ተያይዞ፣ ግን ምንም ሳይነበብና ሳይጻፍ የሚቆይም ስላለ የንባብና የጽሕፈት ባይቶቹን ጎን ለጎን ተመልከቱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የሪፕሊኬሽን መድረሻ የሆነ ፋይል ሲስተም ከውጭ ሲታይ የተረሳ ይመስላል፦ ማንም አልተያያዘበትም፣ ማውንት ታርጌትም ላይኖረው ይችላል። ይህ ግን የአደጋ ጊዜ መጠባበቂያችሁ ነው። «የቀዘቀዘ» የሚለው ምልክት ከመለጠፉ በፊት የሪፕሊኬሽን ዓምዱ ይታይ፤ «አይታወቅም» ከሆነም ምልክቱ አይለጠፍ።

ባክአፕ ላይ ደግሞ የኢኤፍኤስ የራሱ ባክአፕ ፖሊሲ የሚናገረው አውቶማቲኩ ስለመብራቱ ብቻ ነው። ድርጅቱ በራሱ የባክአፕ ፕላን፣ በታግ እየመረጠ የሚያስቀምጥ ከሆነ እዚያ «ጠፍቷል» ይላል፣ ባክአፑ ግን አለ። የተገላቢጦሹም አለ፤ በኮንሶል የተፈጠረው በነባሪ በርቶለታል፣ በቴራፎርም ወይም በኤፒአይ የተፈጠረው መደበኛ ፋይል ሲስተም ግን በነባሪ ጠፍቶ ነው የሚወለደው። የሚታመነው ቁጥር የመጨረሻው ባክአፕ የተወሰደበት ቀን ነው፤ ከባክአፕ ሰርቪሱ «የተጠበቁ ሪሶርሶች» ዝርዝር ይገኛል።

ባለቤት ፍለጋ፣ ዝግጁ መሣሪያዎች

ታግ የሌለው ፋይል ሲስተም ሲገኝ የማን እንደሆነ የሚናገረው ክላውድትሬይል (የአማዞን የጥሪዎች መዝገብ) ነው፤ ክሬኤት ፋይል ሲስተም የሚለውን ክስተት ማን እንደጠራው ያሳያል። ነገር ግን በነባሪ የሚገኘው ታሪክ 90 ቀን ብቻ ነው፣ ጥሪውም በሰከንድ 2 ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ ባለቤቱን መጀመሪያ በተገኘበት ቀን ጠይቃችሁ መዝገቡ ላይ ጻፉት። ለነገ ከተባለ ይጠፋል።

በታግ ሪሶርስ የሚፈልገውን ኤፒአይ ለቆጠራ መነሻ አታድርጉት። የሚመልሰው አሁን ታግ ያላቸውን ወይም ከዚህ በፊት ታግ የነበራቸውን ብቻ ነው፤ ከተፈጠረ ጀምሮ ታግ ያልነካውን አያሳይም፤ የምንፈልገውም ያንኑ ነው። ኤደብሊውኤስ ኮንፊግ (የሪሶርስ ለውጦችን የሚመዘግብ ሰርቪስ) ጥሩ ነው፣ ለአንድ የተመዘገበ ለውጥ 0.003 ዶላር ያስከፍላል፣ ግን መቅጃው በበራበት አካውንትና ሪጅን ብቻ ነው የሚያየው። ሪሶርስ ኤክስፕሎረር (የሪሶርስ መፈለጊያ) ነፃ ነው፣ እሱም ሙሉውን የሚያሳየው ኢንዴክስ በተከፈተበት ብቻ ነው። ሁለቱንም ለማመሳከሪያ እጠቀማቸዋለሁ፤ የሰንጠረዡን ሳጥን ግን በቀጥታ ጥሪ መሙላት ይሻላል።

ውጤቱን መዝገብ ላይ ማስቀመጥ

ውጤቱን በየቀኑ አንድ መስመር በአንድ ፋይል ሲስተም፣ በጄሶን፣ በቀን በተከፈለ የኤስ3 ፎልደር ማስቀመጥና በአቴና (ኤስ3 ላይ ያለን ዳታ መጠየቂያ ሰርቪስ) መጠየቅ ለአብዛኛው ድርጅት ይበቃል። ጥሬውን መልስም አብሮ ማስቀመጥ ያዋጣል፤ ከስድስት ወር በኋላ አዲስ ዓምድ ሲያስፈልግ ወደኋላ መሙላት የሚቻለው ከዚያ ነው። ላምዳ (ያለ ሰርቨር ኮድ ማስኬጃ) ከ15 ደቂቃ በላይ ስለማይሮጥ ዙሩን በአካውንት ከፋፍላችሁ በስቴፕ ፈንክሽንስ (ሥራዎችን በተራ የሚያስኬድ ሰርቪስ) አስኪዱት፣ ወይም ኮንቴይነር ላይ አድርጉት።

ትናንት የነበረ ዛሬ የሌለ ፋይል ሲስተም «ተሰረዘ» የሚባለው ያለበት ሳጥን ዛሬ «ታየ» ከሆነ ብቻ ነው። ሳጥኑ «ተከለከለ» ወይም «መልስ አልመጣም» ከሆነ የትናንቱ መስመር እንዳለ ይቀጥል፣ «መጨረሻ የታየበት» ቀኑ ብቻ ይቆም። ይህ ደንብ ከሌለ አንድ ሮል በተበላሸ ቁጥር አንድ ሙሉ አካውንት ከመዝገብ ይጠፋና በማግስቱ እንደ አዲስ ይወለዳል።

ሌሎቹ

ኤፍኤስኤክስ አራት ዓይነት ነው፦ ዊንዶውስ ፋይል ሰርቨር፣ ላስተር፣ ኔትአፕ ኦንታፕና ኦፕንዜድኤፍኤስ። አንድ ጥሪ አራቱንም ያመጣል። ልዩነቱ በአብዛኛው የሚከፈለው በተያዘው መጠን መሆኑ ነው፤ አንድ ኦንታፕ ቢያንስ 1024 ጊቢባይት ይይዛል፣ ውስጡ ባዶ ቢሆንም። ኦንታፕ ላይ ፋይል ሲስተሙን ብቻ መመዝገብም አይበቃም፤ ዳታው ያለው ውስጡ ባሉት ቮልዩሞች ነውና የስቶሬጅ ቨርቹዋል ማሽኖቹንና የቮልዩሞቹን ዝርዝር ለየብቻ ጠይቁ። ፋይል ሲስተሙ ከተሰረዘ በኋላ በእጅ የተወሰዱ ባክአፖች ይቀራሉ፣ ሒሳባቸውም ይቀጥላል።

አዙር (የማይክሮሶፍት ክላውድ) ላይ ፋይል ሼር አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በስቶሬጅ አካውንት ውስጥ ነው። የስቶሬጅ አካውንቶችን ዘርዝሮ ማቆም ሼሮቹን አያሳይም፤ ለእያንዳንዱ አካውንት የሼር ዝርዝር መጠየቅ አለበት። በማኔጅመንት ኤፒአዩ በኩል ጠይቁ፤ በዳታው በር ከሄዳችሁ የስቶሬጅ አካውንቱ ፋየርዎል ይመልሳችኋል። ጥቅም ላይ የዋለው መጠን በዝርዝሩ አይመጣም፣ እያንዳንዱን ሼር ከስታቲስቲክሱ ጋር ለየብቻ መጠየቅ ነው። የተሰረዙ ሼሮች በሶፍት ዲሊት ዘመናቸው (ተመልሰው ሊነሱ በሚችሉበት ጊዜ) ውስጥ ስለሚያስከፍሉ እነሱንም ጨምሩ።

ጉግል ፋይልስቶር (የጉግል ክላውድ ፋይል ሲስተም) ላይ በሎኬሽኑ ቦታ ሰረዝ (-) ብታስገቡ ሁሉንም ሎኬሽን በአንድ ጥሪ ያመጣል። ምቹ ነው፣ ግን መልሱ ውስጥ «አንሪቸብል» የሚል ሌላ ዝርዝር አለ፤ በዚያ ሰዓት ያልተደረሰባቸው ሎኬሽኖች እዚያ ይጻፋሉ፣ ጥሪው ግን ተሳክቷል ይላል። ያንን ዝርዝር የማያነብ ስክሪፕት ያልታየውን ቦታ እንደታየ ይመዘግባል። እነዚያን ሎኬሽኖች በሰንጠረዡ ላይ «መልስ አልመጣም» አድርጓቸው።

መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ ለሚለው፦ ማንም በማይጠቀምበት አንድ አካውንት፣ በፈቃድ በሚከፈት ሪጅን፣ ለምሳሌ ኬፕታውን ላይ፣ ምንም ታግ የሌለው ባዶ ኢኤፍኤስ ትከሉ። ትሩፑቱ «ኢላስቲክ» (በተጠቀሙት ልክ የሚከፈልበት) ይሁን፣ ማውንት ታርጌት አይኑረው፤ ወጪው ከቁጥር አይገባም። መለያውን ስክሪፕቱ ከማያየው ቦታ ላይ ጻፉና በየዙሩ መጨረሻ ውጤቱ ውስጥ ፈልጉት። ካልተገኘ የዚያን ቀን ቆጠራ በሙሉ ውድቅ አድርጉ፣ ማንቂያም ይላክ። ፖሊሲ ያልጻፋችሁለት ስለሆነ የፖሊሲ ዓምዱ «የለም» ማለት አለበት፤ «አይታወቅም» ካለ ፈቃድ ጎድሏል።